ጥብቅናውን ትቼ ፕሮቶኮል ልግባ?

«ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፦ እንደምን ሰንብተዋል? የ35 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቄ በመጀመሪያ በዐቃቤ ሕግነት፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ በግል ጥብቅና እየሠራሁ ነው። ቢሮዬ ፒያሳ አካባቢ ነው፤ የደንበኛ ችግር የለብኝም። ባለቤቴ እዚሁ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ የ8 እና የ4 ዓመት ልጆች አሉን።

ከተወሰነ ጊዜ በፊት የዲፕሎማቲክ ሰሌዳ ያለው መኪና ሻሸመኔ መንገድ ላይ የገጨው የባጃጅ ባለቤት ወደ እኔ መጣ። ክስ መሠረትን፤ ያለመከሰስ መብት ጥያቄ ሲነሣ ግን መዝገቡ ቆመ። ጉዳዩን በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ተከታትዬ፣ የዲፕሎማቶችን መብትና የይፋ ሥነ ሥርዓቶችን ከሚከታተሉት የፕሮቶኮል ባለሙያዎች ጋር ተጻጽፌ፣ በመጨረሻ የመኪናው ኢንሹራንስ ካሳውን ከፈለ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ሲተኙ ስለ ዲፕሎማቶችና ስለ ቆንስላዎች መብት የሚደነግጉትን የቪየና ስምምነቶች ማንበብ ልማዴ ሆነ። ሚኒስቴሩ ባወጣው ማስታወቂያ ተወዳድሬም ፈተናውንና ቃለ መጠይቁን አለፍኩ። የመጀመሪያ ምደባዬ ፕሮቶኮል እንደሚሆን ተነግሮኛል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ መስጠት አለብኝ።

ባልደረቦቼ ‹ወንበር ልትደረድሪ ነው?› ይሉኛል። አለታ ወንዶ የሚኖሩት አባቴ ላገኙት ሰው ሁሉ ‹ልጄ ጠበቃ ናት› እያሉ ነው የሚያስተዋውቁኝ፤ ገና አልነገርኳቸውም። ባለቤቴን ስጠይቀው ‹እንዳሻሽ› ብሎ ዝም ይላል። ደመወዙ አሁን ከማገኘው ያንሳል። ደግሞም እውነቱን ልናገርና፣ ፍርድ ቤት በገባሁ ቁጥር ሆዴ መረበሽ ከጀመረ ቆይቷል፤ ቀጠሮ በቀጠሮ መመላለሱ ሰልችቶኛል። እየሸሸሁ ይሁን እየሄድኩ ለራሴም አልለየልኝም። የተማርኩትን ሕግ ሜዳ ላይ መጣሌ ይሆን? ምን ትመክሩኛላችሁ?

ግራ የገባኝ፣ ከሐዋሳ»

ውድ እህቴ፣

ይህን ያህል የሆድሽን አምነሽ ስለጻፍሽልን አመሰግንሻለሁ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ለዓምዱ እንዲመጥን ስናሳጥረው የቀነስነው አብዛኛው ክፍል ስለ ባጃጁ ጉዳይ የጻፍሽው ነው። ስለ ቀጠሮው መሰልቸት የጻፍሽው ጥቂት መስመር ሲሆን፣ የመኪናው አሽከርካሪ በኤምባሲው ውስጥ ምን ዓይነት ሠራተኛ እንደነበረ ለማጣራት ስለሄድሽበት መንገድ ግን ገጽ ሞልተሽ ጽፈሻል። ሽሽቱም ጉዞውም በደብዳቤሽ ውስጥ አሉ፤ እኔ እንደማየው ግን የሚያመዝነው ጉዞው ነው። ሰው ከደከመው ሥራ ቢርቅ ነውር የለበትም። አንቺ ደግሞ ወዴት እንደምትሄጂ ሳታውቂ የተነሣሽ አይደለሽም።

የባልደረቦችሽን ቃል እንደ ቀላል አላልፈውም፤ ልብሽን እንደነካው ያስታውቃልና። እውነት ነው፣ ፕሮቶኮል ውስጥ ወንበር አለ። ማን በማን ቀኝ እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ባንዲራ የት እንደሚሰቀል፣ መኪኖቹ በምን ተራ እንደሚነሡ የሚወስን ሰው ያስፈልጋል። ይህ ውሳኔ ግን ከማንም ደስታ የሚመነጭ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 የተፈረመው የቪየና የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ስምምነት በአንቀጽ 16፣ የሚሲዮን መሪዎች (የኤምባሲ ኃላፊዎች) ቀደምትነት በየማዕረጋቸው ሥራቸውን በያዙበት ቀንና ሰዓት እንደሚወሰን ይደነግጋል፤ አንቀጽ 13 ደግሞ የሹመት ደብዳቤ የሚቀርብበት ቅደም ተከተል አምባሳደሩ በደረሰበት ቀንና ሰዓት እንዲሆን ያዛል። ሁለት አዲስ አምባሳደሮች በአንድ ማለዳ ቦሌ ቢያርፉ፣ የማን አውሮፕላን እንደቀደመ በጥንቃቄ መዝግቦ መያዝ የፕሮቶኮል ሠራተኛ ኃላፊነት ነው፤ በዚያ ሰዓት ላይ የሚፈጠር ስሕተትም በየሥነ ሥርዓቱ እየተነሣ ቅሬታ ሲያስነሣ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለ ሕግ ባልነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1661 ለንደን ላይ የስፔንና የፈረንሳይ አምባሳደሮች ሰዎች የማን ሠረገላ ይቅደም በሚል ተጋጭተው ነፍስ ጠፍቷል። ስለዚህ ወንበሩን የሚደረድረው ሰው የሚሠራው ሥራ የአገሮችን እኩልነትና ክብር በሕግ መጠበቅ ነው፤ ባልደረቦችሽ ይህን ያላዩት ሥራው ሲሳካ ዓይን ውስጥ ስለማይገባ ይመስለኛል።

ከወንበሩ ጀርባ ያለውን ሥራ ደግሞ አንቺ በባጃጁ ጉዳይ ቀምሰሽዋል። አሽከርካሪው በዲፕሎማትነት የተመዘገበ ከሆነ በአንቀጽ 31 መሠረት ከወንጀል ክስ ብቻ ሳይሆን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ከፍትሐ ብሔር ክስም ነፃ ነው። የአስተዳደርና ቴክኒክ ሠራተኛ ከሆነ ግን ከፍትሐ ብሔር ክስ የሚጠበቀው በሥራው ላይ ለፈጸመው ድርጊት ብቻ ነው። ባለመኪናው የቆንስላ ሹም ቢሆን ኖሮ ደግሞ መልሱ ሌላ ይሆን ነበር፤ እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የቆንስላ ስምምነት በመኪና አደጋ የተጎዳ ሦስተኛ ወገን የሚያቀርበውን የካሳ ክስ ከከለላው ውጭ አድርጎታልና። ማን በየትኛው ምድብ እንደሚገኝ የሚያሳየው መዝገብ ያለው፣ መታወቂያውም የሚሰጠው፣ ያለመከሰስ መብቱ እንዲነሣ ለላኪው አገር ጥያቄው የሚጻፈው በፕሮቶኮል በኩል ነው። ሐዋሳ ላይ ባጃጁ ቆሞበት ገቢው የተቋረጠ አባወራ ካሳውን ያገኘው፣ አንቺ ከዚህ፣ አንድ የፕሮቶኮል ባለሙያ ደግሞ ከዚያ ሆናችሁ አንቀጾቹን በትክክል ስላነበባችሁለት ነው። የተማርሽው ሕግ ሜዳ ላይ ይወድቃል ብዬ የማልፈራውም ለዚህ ነው፤ እንዲያውም በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቁ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸውና፣ የምትሄጂው ከአንድ የሕግ ክፍል ወደ ሌላው ነው።

አሁን በደብዳቤሽ ወዳላነሣሽውና እኔን ከሁሉም በላይ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ጠበቃ በስሙ ይናገራል። ክሱ ግርጌ ላይ ስምሽና ፊርማሽ አለ፤ ችሎት ፊት ቆመሽ የምትከራከሪው አንቺ ነሽ፤ ስትረቺ ደንበኛሽ ያመሰግንሻል፣ ከተማውም ያወራልሻል። በምትገቢበት መሥሪያ ቤት ከሁሉ አብልጠሽ የምትጽፊው ሰነድ ኖት ቨርባል የሚባለው፣ በሚኒስቴሩ ስም ለኤምባሲዎች የሚላከው ይፋዊ ደብዳቤ ይሆናል። እርሱም «የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ለኤምባሲው ሰላምታውን እያቀረበ» ብሎ ይጀምራል፤ «በዚህ አጋጣሚ የላቀ አክብሮቱን በድጋሚ ይገልጻል» ብሎም ይጨርሳል። በመካከል ያለውን የሕግ ክርክር የቱንም ያህል አሳምረሽ ብትቀምሪው የሚናገረው ሚኒስቴሩ ነው፤ ግርጌው ላይ ማኅተምና አጭር ምልክት እንጂ ሙሉ ስምና ፊርማ አይሰፍርም። የጻፍሽው ሁሉ በበላይ ኃላፊ ተሠርዞና ተስተካክሎ ይወጣል። በግልሽ የማታምኚበትን የመንግሥት አቋምም በተረጋጋ ድምፅ ማስረዳት ይጠበቅብሻል፤ በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ስለ አገር ጉዳይ እንደ ልብሽ የመጻፍ ነፃነትሽም ይጠብባል።

ከእኛው ታሪክ አንድ ሰው ላስታውስሽ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ በሚገኘው የመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ላይ ቆመው በአማርኛ ሲናገሩ፣ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች እያፏጩ ሊያስቆሟቸው ሞክረው ነበር። ያንን ንግግር ዓለም ሁሉ በንጉሠ ነገሥቱ ስም ያስታውሰዋል። በዝግጅቱ ከተሳተፉት አንዱ ግን ፈረንሳይ አገር፣ ሞንፔሊየ ሕግ የተማሩት ሎሬንዞ ታእዛዝ ነበሩ፤ ስማቸውን የሚያውቀው ሰው ከንግግሩ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድም ፈረንሳይ ሕግ ተምረው ወደ ዲፕሎማሲ የገቡ ናቸው፤ በ1937 ዓ.ም. ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሲመሠረት ከኢትዮጵያ ልዑካን መካከል ነበሩ፣ እርሳቸው ግን እስከ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ደርሰው ስማቸው ጎልቷል። ሁለቱም ሕጉን ለአገራቸው አውለውታል። አንቺ ግን መንገድሽ እንደ አክሊሉ ሳይሆን እንደ ሎሬንዞ ቢሆንስ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። ከባድ ሌሊት አድረሽ የሠራሽው ሥራ በሌላ ሰው አንደበት ሲነገር አዳራሹ ጥግ ቆመሽ ስትሰሚው ምን ይሰማሻል? ኩራት ነው ወይስ መቆርቆር? ለዚህ ጥያቄ ለባልደረቦችሽ የምትሰጪው መልስ አያስፈልገኝም፤ ለራስሽ እውነተኛውን መልሺ። መልስሽ መቆርቆር ከሆነ ደመወዙ እጥፍ ቢሆንም አትሂጂ ብዬ እመክርሻለሁ።

በተጨማሪም አምባሳደርነትን እንደ ደረጃ ዕድገት አትቁጠሪው። በሥራው ላይ ከአታሼ ተነሥቶ በሦስተኛ፣ በሁለተኛና በአንደኛ ጸሐፊነት አልፎ ወደ ካውንስለርና ሚኒስትር ካውንስለር የሚወጣ መሰላል አለ፤ አምባሳደር ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 መሠረት በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በፕሬዚዳንቱ የሚሾም ነው። ብዙ ብርቱ ዲፕሎማት ያንን ማዕረግ ሳያይ ጡረታ ይወጣል። ሥራውን ያለ ማዕረጉም ትወጂው እንደሆነ አስቢበት።

ባለቤትሽን በተመለከተ «እንዳሻሽ» የሚለውን ቃል እኔ እንደ ፈቃድም እንደ ተቃውሞም አልወስደውም። ምናልባት የሚጠየቀውን ነገር ገና አላወቀ ይሆናል። «ልሂድ ወይስ ልቅር?» የሚለው ጥያቄ ለባል መልስ የሚያሳጣ ነው፤ «ቅሪ» ቢል ክንፍሽን የቆረጠ ይመስለዋል፣ «ሂጂ» ቢል ደግሞ ቤቱን እንዴት እንደሚይዘው አያውቅም። ስለዚህ ትልቁን ጥያቄ ተዪውና ትንንሾቹን አንሺለት። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት አዲስ አበባ ብትሠሪ ቤተሰቡ አብሮ ይሄዳል ወይስ በየሳምንቱ 275 ኪሎ ሜትር ትመላለሻለሽ? ታናሹን ልጅ ማን ያመጣዋል፣ ማን ይወስደዋል? ውጭ አገር ስትመደቢ እርሱ ምን ይሠራል? በዚህ በመጨረሻው ላይ ሳታለባብሺ ንገሪው፤ የዲፕሎማት የትዳር ጓደኛ በተቀባይ አገር ሥራ መያዝ መቻሉ በአብዛኛው በሁለቱ አገሮች ስምምነት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ማስተማር የሚወድ ሰው ለዓመታት ያለ ክፍልና ያለ ተማሪ ሊቀመጥ ይችላል። ይህን ከአንቺ አፍ አስቀድሞ መስማት ይገባዋል። አንድ ነገር አደራ፦ ስትነጋገሩ መስቀለኛ ጥያቄ አታቅርቢለት። ሚስቱ ጠበቃ የሆነች ባል ዝምታን የሚመርጥበት ምክንያት አንዳንዴ ክርክሩን እንደማይረታ ስለሚያውቅ ነውና፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወይም ፍቅር ሐይቅ ዳር ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ጠይቂውና እስኪጨርስ ጠብቂው። ዝም ካለም ዝምታውን አትሙይለት። «ምን ያስፈራሃል?» ብሎ መጠየቅና የአንቺንም ፍርሃት መንገር ከብዙ ማስረጃ የተሻለ በር ይከፍታል።

አባትሽ ከዚህ ይቀልላሉ ብዬ አምናለሁ። በሶንጎ፣ በሲዳማ የሽማግሎች ሸንጎ፣ ተቀምጠው ያደጉ አባት ከሆኑ፣ ሽማግሎች በተሰበሰቡበት የመቀመጫና የንግግር ተራ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ለእርሳቸው ማስረዳት አይኖርብሽም። በስልክ ሳይሆን በአንዱ ቅዳሜ አለታ ወንዶ ሄደሽ፣ ባለቤትሽ ጋር ከተስማማችሁ በኋላ፣ ራስሽ ንገሪያቸው፤ ከሌላ ሰው ከሰሙት ግን ያዝናሉ።

ስለ ጥብቅና ፈቃድሽ ቸል እንዳትዪ። በቪየናው ስምምነት አንቀጽ 42 መሠረት ዲፕሎማት በተቀባዩ አገር ለግል ጥቅሙ የሙያም ሆነ የንግድ ሥራ መሥራት አይችልም፤ ስለዚህ ውጭ በተመደብሽ ጊዜ በጎን የምትይዢው ጉዳይ አይኖርም። አገር ውስጥ ሳለሽ ፈቃድሽ ምን እንደሚሆን ደግሞ የፈቃዱ ዓይነት ይወስነዋል። የፌዴራል ከሆነ አዋጅ ቁጥር 1249/2013ን አውጥተሽ አንብቢ፣ የክልል ከሆነም የክልሉን ሕግ ተመልከቺ፤ ከዚያም ለፈቃድ ሰጪው አካል በጽሑፍ ጠይቂ። ጥያቄሽ ግልጽ ይሁን፦ በመንግሥት ሥራ ላይ ሳለሁ ፈቃዴ ይታገዳል ወይስ ይመለሳል? ተመልሼ ብመጣ ምን ይጠበቅብኛል? መልሱን በእጅሽ ስትይዢ ውሳኔው የሚያስፈራሽን ያህል አያስፈራሽም፤ የመመለሻው በር የት እንዳለ ታውቂያለሽና።

ለሚኒስቴሩም ከመፈረምሽ በፊት መጠየቅ መብትሽ ነው። ፕሮቶኮል ማለት አንድ ዓይነት ሥራ አይደለም፤ በከፊሉ የልዩ መብትና ከለላ ሥራ፣ በከፊሉ የጉብኝትና የሥነ ሥርዓት ሥራ ነው። የመጀመሪያው ለሕግ ባለሙያ የቀረበ፣ ሰዓቱም ከሞላ ጎደል የታወቀ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሌሊት ቦሌ መገኘትን፣ በዓልንና እሑድን መሠዋትን፣ በተለይም በየካቲት ገደማ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ጉባኤ ሲደርስ ለቀናት ከቤት መራቅን የሚጠይቅ ነው። የ4 ዓመት ልጅ ላላት እናት ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። እስከ ዛሬ የሠራሽባቸው ዓመታት ለደረጃ ይያዙልሽ እንደሆነ፣ ወደ ሕግ ጉዳዮች ክፍል መዛወር ይቻል እንደሆነም በዚያው ደብዳቤ ጠይቂ።

ሥራውን ከሩቅ ብቻ አንብበሽ እንዳትወስኚ፣ በቅርብ የምታይበት ዕድል ሐዋሳ ላይ አለ። ሲዳማ ክልል ከሆነች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ከተማችን የክልሉ መቀመጫ እንደመሆኗ እንግዶችና ልዑካን ይመላለሱባታል፤ የፍቼ ጫምባላላ በዓል በጉዱማሌ ሲከበርም እንግዳን ተቀብሎ በየማዕረጉ ማስቀመጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በክልሉ መሥሪያ ቤቶች ፕሮቶኮል ላይ የሚሠራ የምታውቂው ሰው ካለ፣ አንድ የእንግዳ አቀባበል ከዝግጅቱ እስከ ሽኝቱ ቆመሽ እንድታይ ጠይቂው። የእንግዳው ስም ዝርዝር በመጨረሻው ሰዓት ሲቀየር፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው የስም ካርድ ሲነሣና ሌላ ሲተካ፣ መኪናው ሲዘገይ፣ የተቆጣ ባለሥልጣን በለሰለሰ ቃል ሲመለስ እዪ። ያ ግርግር ሆድሽን እንደ ችሎት ይረብሸዋል ወይስ ያነቃሻል? ሰውነትሽ የሚሰጥሽን መልስ እመኚው።

ደመወዙ ያንሳል ላልሽው፣ እውነት ነው፣ መጀመሪያ ላይ ይጎዳችኋል። ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ የአንድ ዓመት የቤት ወጪ ወረቀት ላይ አስፍሩ፤ አዲስ አበባ የቤት ኪራይን ጨምሩበት። የውጭ አበሉን ግን ገና ስላልመጣ በሒሳቡ ውስጥ አታስገቡት።

የእኔን ሐሳብ በግልጽ ጠይቀሻልና በግልጽ ልንገርሽ፤ ሚዛኔ ወደ መሄዱ ያደላል። የአንድን የባጃጅ ባለቤት ጉዳይ ለመጨረስ ብላ ሁለት ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን ያነበበች፣ ማንም ሳያስገድዳት ማንበቧን የቀጠለች ጠበቃ ለዚያ ጠረጴዛ ታስፈልጋለች። ነገር ግን ከባለቤትሽ ጋር ሳትነጋገሪና ከሚኒስቴሩ ምላሽ ሳታገኚ ፊርማሽን አታኑሪ። ቀኑ ከጠበበብሽ ተጨማሪ ጊዜ በጽሑፍ ጠይቂ፤ ምክንያትሽንም ሳትሸሽጊ ግለጪ።

መሄዱ ከተቆረጠ በመጀመሪያ ስለ ደንበኞችሽ አስቢ። በእጅሽ ያሉትን መዝገቦች በሙሉ በቀጠሮ ቀናቸው ቅደም ተከተል ዘርዝሪ፤ ለውሳኔ የደረሱትን ራስሽ ጨርሺ፤ ለቀሩት እያንዳንዱን ደንበኛ ቢሮ ጠርተሽ፣ የሚያምንበትን ጠበቃ እንዲመርጥ ዕድል ሰጥተሽ፣ ያልሠራሽበትን ክፍያ መልሰሽና ፍርድ ቤቱን አሳውቀሽ አስረክቢ። ፈረንሳይኛ ወይም ዓረብኛ መማርም ዛሬውኑ ጀምሪ፤ በአዲስ አበባ የዲፕሎማሲ ሥራ ሁለቱም በየቀኑ ይፈለጋሉ።

የሚኒስቴሩ ምላሽ ሲደርስሽ የትኛው ክፍል እንደተመደብሽ ጻፊልኝ። የልዩ መብትና የከለላው ክፍል ከሆነ የሚቀረን ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት መነጋገር ብቻ ይመስለኛል፤ የሥነ ሥርዓቱ ክፍል ከሆነ ግን ከመፈረምሽ በፊት ባለቤትሽ የሰጠሽን መልስ በራሱ ቃል ጨምረሽ ላኪልኝ።